በ«አማረኝ» እና በ«ጠጣሁ» መካከል

የአማርኛ ቋንቋ የሰውን ውስጣዊ ፍላጎት በሚገልጽበት ጊዜ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጠባይ አለው። ሰው ውኃ ሲሻ «ጠማኝ» ይላል፤ እህል ሲሻ «ራበኝ» ይላል፤ አንድ ነገር ልቡን ሲስበው «አማረኝ» ይላል። በእነዚህ ግሶች ውስጥ ተናጋሪው የድርጊቱ ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢው ነው። ጥሙ፣ ረኃቡ፣ አምሮቱ ስሙ ካልተጠራ ስፍራ መጥተው በእርሱ ላይ ይሠራሉ። ይኸው ሰው ዋንጫውን አንሥቶ ወደ አፉ ባስጠጋ ጊዜ ግን ሰዋስዉ ይለወጣል። አሁን የሚለው «ጠጣሁ» ነው፤ የድርጊቱም ባለቤት ራሱ ነው። በ«አማረኝ» እና በ«ጠጣሁ» መካከል ያለው ርቀት ከአንዲት ትንፋሽ የሚበልጥ አይመስልም። ሆኖም የኃላፊነትና የጥፋተኝነት፣ የምሕረትና የፍርድ ጥያቄ የሚኖረው በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነው።

«ሰካራም ጥፋተኛ ነው ወይስ ሕመምተኛ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቄሱም፣ ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ የሰካራሙ ሚስትም እየደጋገሙ ጠይቀውታል። አዲሱ ነገር፣ ባለፉት 50 ዓመታት ገደማ ለዚህ ጥያቄ አንድ ያልታሰበ ምስክር መቅረቡ ነው። ምስክሩም በቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ቀርቦለት አንደኛውን የሚመርጥ አይጥ ነው። ተመራማሪዎች የዚህን እንስሳ አንጎል መርምረው፣ ፔፕታይድ የተባሉ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች የአልኮል ፍላጎቱን ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉት አሳይተዋል። እንግዲህ አምሮት ከአንጎል ኬሚስትሪ የሚመነጭ ከሆነ፣ ሰው በጠጣው ይጠየቅበታልን? መልስ ከመስጠት በፊት ይህ ምስክር የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማድመጥ ያስፈልጋል።

ነገሩን በአየር ላይ ከማንሳፈፍ መሬት ማስያዝ ይሻላል። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ተራራ የሚያቀናው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀሉት ነጫጭ ቀሚሶች፣ ነጠላዎችና ጋቢዎች ዐይን ይስባሉ። ይህን ልብስ ከሚሠሩት መካከል አያሌዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሰፈሩ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ለዘለቀ ሰው የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማዋል። እዚያው መንደር ውስጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅም አይታጣም። ምልክቱ ፊደል ለቆጠረውም ላልቆጠረውም እኩል ይነበባል፤ ጠላ አለ ማለት ነው።

ከዚያው መንገድ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል፤ ቤተሰብ የታመመ ወገኑን ይዞ ጠበል የሚያስጠምቀው በዚያ ነው። በዚሁ በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ቀድሞ «ፓስተር» ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋምም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ አንድ የሽሮ ሜዳ ሰው ስለ ሰካራም ጎረቤቱ ሦስት ዓይነት ማብራሪያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጠበሉ ዘንድ ሰውዬው በክፉ መንፈስ ተይዟል ይባላል፤ በሆስፒታሉ ዘንድ ታሟል ይባላል፤ በሰፈሩ ዘንድ ደግሞ ወኔ የለውም ይባላል። ሦስቱም አንዱን ሰው ይመለከታሉ፤ የሚያዩት ግን አንድ አይደለም።

አንድ ሸማኔ እንበል። ይህ ሰው በወጣትነቱ ጥለት በማውጣት የታወቀ ነበረ። ጥለት እጅን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይጠይቃል፤ ድሩ እየተቆጠረ፣ ቀለሙ እየተለየ፣ አንዲት ክር ብትዘለል መላው መልክ የሚፋለስበት ሥራ ነው። ዛሬ ግን ሸማኔው ማለዳ ሲነሣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ በስተቀር መወርወሪያውን ለመያዝ አይችልም። የክር መግዣ ሆኖ የተቀመጠው ገንዘብ ለዱቤ ዕዳ ይውላል፤ የልጆቹ ደብተር ይዘገያል፤ ደንበኛው ነጠላውን ከሌላ ሸማኔ ይገዛል። ሚስቱ «ብትፈልግ ኖሮ ትተወው ነበር» ትለዋለች። እርሱም «እኔ መች ወደድሁት፤ እርሱ አልለቅህ አለኝ እንጂ» ይላታል። ሁለቱም አይዋሹም። ችግሩም ይኸው ነው፤ የሁለቱ እውነት እንዴት በአንድ ቤት ውስጥ ሊያድር ይችላል?

የባልዮውን ቃል በተመለከተ ሳይንስ የሚለው ብዙ ነው። ፔፕታይድ ማለት ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ጥቂት በጥቂት ተሰክተው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው። በአንጎል ውስጥ ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት ከሚያደርሱት መካከል እነዚህ ሰንሰለቶች ይገኛሉ። በ1975 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው 5 አሚኖ አሲድ ብቻ ያሏቸውን ሁለት ፔፕታይዶች ከዓሣማ አንጎል ለይተው አወጡ፤ ኤንኬፋሊን ተባሉ። እነዚህና በኋላ የተገኙት ዘመዶቻቸው፣ ለምሳሌ ኢንዶርፊን፣ ከኦፒየም የሚገኘው ሞርፊን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች የሚነኩ ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ አንጎል ሕመምን የሚያስታግስበትንና ደስታን የሚያሰማበትን መድኃኒት ራሱ ይቀምማል። አልኮል ደግሞ ይህ ቅመም እንዲለቀቅ ያደርጋል።

በእንስሳት ላይ የሚደረገው ሙከራ አሠራሩ ቀላል ነው። በአይጡ ጎጆ ላይ ሁለት ጠርሙስ ይንጠለጠላል፤ በአንዱ ንጹሕ ውኃ፣ በሌላው አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ አለ። በየዕለቱ ከየጠርሙሱ የጎደለው ይለካል። በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘዴ ብዙ የሚጠጡትን ከብዙ ከሚጠጡት፣ ጥቂት የሚጠጡትን ከጥቂት ከሚጠጡት ጋር በማዳቀል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሁለት ዘር ተለየ። አልኮል ወዳዱ ዘር ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ5 ግራም በላይ አልኮል በፈቃዱ ይጠጣል፤ አልኮል ጠሉ ግን ከ1.5 ግራም በታች ነው። አንደኛውን ያባለገ ጓደኛ የለም፤ ሌላኛውንም ያስተማረ መምህር የለም። ልዩነቱ ከውልደት የመጣ ነው።

በዚህ ልዩነት ውስጥ የፔፕታይዶች ድርሻ እየተገለጠ ሄደ። በ1982 እ.ኤ.አ. ከዓሣማ አንጎል የተገኘ 36 አሚኖ አሲድ ያለው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባል ሰንሰለት አለ፤ እንስሳን ከሚያረጋጉት ወገን ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ ይህ ፔፕታይድ በፍጹም እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ አልኮል እንደሚጠጡ፣ ከመጠን በላይ እንዲኖራቸው የተደረጉት ደግሞ አነስ አድርገው እንደሚጠጡ አሳየ። የማይረጋጋው አይጥ መረጋጋትን ከጠርሙሱ ይፈልጋል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የሸማኔውን ማለዳ በተለይ የሚያስረዳው ግን ሌላው ፔፕታይድ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቹ ከበግ አንጎል ለይተው ያወቁት፣ 41 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በአጭሩ ሲአርኤፍ የሚባለው የጭንቀት መልእክተኛ ነው። ለሳምንታት የአልኮል ተን እየተነፈሱ እንዲቆዩ የተደረጉ አይጦች አልኮሉ ሲቋረጥባቸው፣ ፍርሃትና ስጋት በሚመራበት አሚግዳላ በተባለው የአንጎላቸው ክፍል ይህ ፔፕታይድ ይበዛል። በዚያን ጊዜ አይጡ ጠርሙሱ ቢቀርብለት ቀድሞ ከለመደው እጅግ አብልጦ ይጠጣል። የሲአርኤፍን ሥራ የሚገታ ንጥረ ነገር ቢሰጠው ግን ያ ትርፍ መጠጥ ይቀንሳል። ሱስ ባልያዘው አይጥ ላይ ይኸው መድኃኒት መጠጡን አይለውጠውም። እንግዲህ የሱሰኛው ጥማት ከጀማሪው ጥማት የተለየ ነው። ጀማሪው ደስታን ፍለጋ ይጠጣል፤ ሱሰኛው ጭንቀትን ሽሽት ይጠጣል። ሸማኔው «መች ወደድሁት» ሲል ምክንያት እየደረደረ አይደለም፤ አንጎሉ ውስጥ የሆነውን ነገር ባለው ቃል እየመሰከረ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ትምህርት የሚመለከተው ሰካራሙን ሳይሆን ጨዋውን ነው። ሁለት ጎረቤቶች ከአንድ ጋን የተቀዳ ጠላ፣ በአንድ ዓይነት ጣሳ፣ በአንድ ማታ ይጠጣሉ። አንደኛው በሁለተኛው ጣሳ ላይ «በቃኝ» ብሎ ይነሣል፤ ሌላኛው እስኪመሽ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሰው በማግስቱ ስለ ራሱ ጥንካሬ ይናገራል። ይሁንና በመንታ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሰዎች ለመጠጥ ሱስ ካላቸው የተጋላጭነት ልዩነት ወደ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ የሚመጣ መሆኑን ያመለክታሉ። «በቃኝ» የሚለውም ቃል እንደ «አማረኝ» ሁሉ ተናጋሪውን ባለቤት የማያደርግ ግሥ መሆኑን ልብ ይሏል። ለአንዱ ሰው ቶሎ በቃው፤ ለሌላው አልበቃ አለው። ያልተሸከመውን ሸክም ስላልጣለ ሰው ሊመካ ይገባዋልን? በምሳሌያችን ውስጥ ያለው ጨዋ ምስጋና የሚገባው ከሆነ፣ ከምስጋናው ከፊሉ ለእርሱ ሳይሆን ለዕድሉ ነው።

ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከአይጡ ምስክርነት ተነሥቶ «ጠጪው ፔፕታይዱ ነው፤ ሰውዬው የለበትም» ብሎ የሚደመድም ሰው ምስክሩ ያላለውን ያስብለዋል። ፔፕታይድ አምሮትን ያከብዳል ወይም ያቀልላል እንጂ ዋንጫ አያነሣም። የሙከራው ውጤት የሚነግረን ስለ ብዙ እንስሳት አማካይ ጠባይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚህ ሙከራ አልኮል መጠጣት የለመዱ አይጦች ሌላ አማራጭ፣ ይኸውም ጣፋጭ ውኃ፣ ቀረበላቸው። አብዛኞቹ አልኮሉን ትተው ወደ ጣፋጩ ዞሩ፤ አልኮሉን የሙጥኝ ያሉት 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌላ ነገር በሌለበት ጎጆ ሁሉም ጠጪ ይመስላል፤ ሌላ ነገር በገባበት ጎጆ ግን በእውነት የተያዘውና በአጋጣሚ የሚጠጣው ይለያያሉ። የሚጠጣውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የአይጥን መንደር እንኳ በቅጡ አይገልጽም።

ከዚህም በላይ ሰው አይጥ አይደለም። ሲአርኤፍን የሚገቱ መድኃኒቶች በአይጥ ላይ ያሳዩትን ተስፋ ይዘው ወደ ሰው በተሸጋገሩ ጊዜ፣ በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች መድኃኒቶቹ የጠጪዎችን አምሮት እንዳልቀነሱ ዘገቡ። የሰው ጭንቀት ከአሚግዳላው ብቻ የሚነሣ አይደለምና ይህ እጅግ ሊያስደንቅ አይገባም። አይጥ የቤት ኪራይ የለበትም፤ የሞተ ልጅ አያስታውስም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ አያፍርም። አይጥ ነገ አልጠጣም ብሎ ቃል አይገባም፤ ስለዚህም ቃሉን አያፈርስም። ቃል መግባትና ማፍረስ፣ አፍርሶም እንደገና መግባት፣ የሰው ብቻ ነው። ሚስትዮዋ «ብትፈልግ ኖሮ» ስትል የምትናገረው ለዚህ ቃል ለሚገባው ፍጡር ነው። ባሏን እንደ ዕቃ ብትቆጥረው ኖሮ አትቆጣውም ነበር፤ ቁጣዋ ራሱ ባሏን እንደ ሰው የምታይ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ታዲያ ኃላፊነቱ የት ላይ ይወድቃል? የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን ጉዳይ አንሥቶት ነበር። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከአየር ላይ ሊመልሰው አይችልም፤ ሆኖም መወርወር አለመወርወሩ በእጁ ነበረ። ሰክሮ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበትን ሕግም የጠቀሰው፣ አለመስከር በሰውዬው ሥልጣን ሥር ነበር በሚል ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 50 ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ወንጀል ለመፈጸም ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ስካሩን ማምለጫ ሊያደርገው አይችልም። አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በራሱ ጥፋት የሰከረ ደግሞ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ሕጉ የሚመረምረው ሰውዬው በሰከረበት ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰውን መንገድም ነው።

ይህ አስተሳሰብ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። ምክንያቱም ድንጋዩ ሲወረወር የወርዋሪው እጅ ነፃ እንደ ነበረ አድርጎ ይነሣል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው የ20 ዓመት ወጣት በእርግጥ ነፃ ነበረ ሊባል ይችላል፤ ግን የሚወረውረው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። በአንጎሉ ውስጥ የትኛው ፔፕታይድ እንደሚያንስ ማንም አልነገረውም። ከ20 ዓመት በኋላ ሲያውቀው ደግሞ እጁ እንደ ቀድሞው ነፃ አይደለም። ባወቀ ጊዜ አቅም ያጣል፤ አቅም በነበረው ጊዜ አላወቀም። የሱስ አሳዛኝነት በዚህ ነው። ስለዚህ «አማረኝ» እና «ጠጣሁ» መካከል ያለው ስፍራ ለሁሉም ሰው እኩል ስፋት የለውም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥም ይሰፋል ይጠብባል። ሰው ተጠያቂ የሚሆነው ለእርሱ በተረፈው ስፍራ ልክ ነው። ይህ ስፍራ እጅግ ሊጠብብ ይችላል፤ ሰውዬው ገና ቃል መግባት እስከ ቻለ ድረስ ግን ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም።

ይህ ከሆነ ደግሞ ዋነኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው መሆኑ ይቀርና «ይህን ስፍራ የሚያሰፋውና የሚያጠብበው ማን ነው?» የሚለው ይሆናል። መድኃኒት አንዱ ነው። ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት የኢንዶርፊንን ተቀባዮች ይዘጋል። በዝንጀሮዎችና በአይጦች ላይ የአልኮል ፍላጎትን እንደሚቀንስ ከታየ በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በ70 ወንድ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። መድኃኒቱ በሌለበት ፍሬ ተሰጥቷቸው አንድ ጊዜ መጠጥ ከቀመሱት መካከል 95 በመቶው ወደ ቀድሞ ስካራቸው ተመለሱ፤ ናልትሬክሶን ከወሰዱትና ከቀመሱት መካከል ግን የተመለሱት ግማሾቹ ነበሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ተፈቀደ። መድኃኒቱ ሰውን ቅዱስ አላደረገውም፤ በአንደኛው ዋንጫና በአሥረኛው መካከል ትንፋሽ የሚወሰድበት ጊዜ ሰጠው እንጂ። የቀረውን የሞላው ሰውዬው ራሱ ነው። እንግዲህ ኬሚስትሪና ፈቃድ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ሊለቅለት ይችላል።

መድኃኒት ብቻም አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሣራማ ሜዳዎች የሚኖሩ፣ በጥንድ ተሳስረው የሚያድሩ አንድ ዓይነት የሜዳ አይጦች አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ እነዚህ እንስሳት ከወንድሞቻቸው ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ይልቅ አብልጠው እንደሚጠጡ፣ አንዱም የሌላውን መጠን እየተከተለ እንደሚጠጣ ተስተውሏል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ «በሞቴ!» የሚለውን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። እንግዳን በሞት አስምሎ ማጠጣት የፍቅር ምልክት ነው፤ የአገሩ ሰው ለጋስነት የሚታይበት ወግ ነው። ጠላ ያለ ማኅበር፣ ጠጅ ያለ ሠርግ እንዴት ይታሰባል? ጌሾና ብቅል የዚህ ሕዝብ የደስታና የኀዘን ቅመሞች ናቸውና እነርሱን መኮነን የዚህ ሐተታ ዓላማ አይደለም። ሆኖም «በሞቴ» የሚባለው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያጤኑ ማስማል፣ ለአንዱ እንግዳ ፍቅር ሲሆን ለሌላው እንግዳ የተረፈችውን ጥቂት ስፍራ መንጠቅ ነው። ያን ሰው ለሚያውቅ ጋባዥ፣ ዋንጫውን መልሶ «ቡና ይፍላልህ» ማለት ከልግስና የሚቆጠር እንጂ ከንፍገት የሚቆጠር አይደለም።

የጠላ ቤቷ ባለቤትም አለች። እርስዋን ሰው አጥፊ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ልጆችዋን ለማሳደግ ሌላ ሙያ ያላገኘች ሴት ናት። ጌሾ ትወቅጣለች፣ ብቅል ታበቅላለች፣ ጋን ታጥናለች፤ ትርፍዋም ትንሽ ነው። ይሁንና ማለዳ በሚንቀጠቀጥ እጅ መለኪያውን ለሚዘረጋው ሰው በዱቤ መቅዳትና አለመቅዳት በእርስዋ እጅ ነው። የእርስዋም ስፍራ ጠባብ ነው፤ የእርስዋም «አማረኝ» በሌላ ስም «ቸገረኝ» ይባላል። ከእርስዋ እጅግ የሰፋ ስፍራ ያላቸው አሉ፤ መጠጥን በፋብሪካ አምርተው፣ በዘፈንና በደስታ አሽሞንሙነው ለወጣት የሚያቀርቡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም መጠጥ እንዳይሸጥ የከለከለው፣ ይህን ኃላፊነት ከጠጪው ትከሻ ላይ በከፊል ለማንሣት ነው ሊባል ይችላል። ወጣቱ ድንጋዩን ሳያውቅ እንዳይወረውር የሚጠብቀው ክልከላ ብቻውን ባይሆንም፣ ጅምሩ መልካም ነው።

ሌላው ስፍራ አጥባቢ ስድብ ነው። «ሰካራም» የሚለው ቃል የአንድ ማታ ድርጊት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የሰውዬው ሁለተኛ ስም ሲሆን፣ ልጆቹ «የሰካራሙ ልጆች» ሲባሉ፣ ዕድርተኛው በለቅሶ ላይ ከጎኑ ለመቀመጥ ሲጸየፍ፣ ሰውዬው የሚያፍርበት ፊት ያጣል። ኀፍረት ቅጣት ነውና ያስተምራል ይባል ይሆናል። ለቀለለው ሰው ሊያስተምረው ይችላል። ለተያዘው ሰው ግን ኀፍረት ሌላ ጭንቀት ነው፤ ከጭንቀትም መሸሸጊያ አድርጎ የለመደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ሰውዬውን ከጠላ ቤት ለማስወጣት የሚወረውረው ስድብ መልሶ ወደ ጠላ ቤት ያስገባዋል።

በዚህ ረገድ ኪነ ጥበብም ከወቀሳ አያመልጥም። ሰካራም በመድረክ ላይ ብቅ ሲል ተመልካች ገና ሳይናገር ይስቃል። የተንገዳገደ እግር፣ የተኮላተፈ ምላስ፣ የተደፋ ባርኔጣ ለደራሲ ርካሽ ሳቅ የሚገዙለት ዕቃዎች ሆነዋል። ድራማ የሚወለደው ግን አንድ ሰው በሚፈልገውና በሚያደርገው መካከል በሚታገልበት ሰዓት ነው። በዚህ ሚዛን ከታየ፣ በማለዳ በሸማው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጡ ጣቶቹን የሚመለከት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ደጅም የሚያውቅ ሰው፣ ከብዙ ነገሥታት የበለጠ የትራጄዲ ባለቤት ነው። አንድ ሰዓት ሳይሄድ ቢቆይ ድል ነው፤ የሚያጨበጭብለት ግን የለም። ይህን ድል ማሳየት የደራሲ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ሰፈሩ የሚያየው የወደቀበትን ማታ እንጂ ያልወደቀበትን ማለዳ አይደለምና።

ወደፊት የአንጎል ምርምር ሌሎች በሮችን መክፈቱ አይቀርም። ጥጋብን ለአንጎል ከሚያስታውቁት የአንጀት ፔፕታይዶች አንዱን የሚመስል፣ ለስኳር በሽታና ለውፍረት ሕክምና የዋለ ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት የአይጦችን መጠጥ እንደሚቀንስ ታይቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ በ48 ሰዎች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናትም የጠጪዎቹን አምሮትና በአንድ ጊዜ የሚጠጡትን መጠን ቀንሷል። «ይበቃኛል» የሚለውን ስሜት በመርፌ መስጠት የሚቻልበት ቀን ቢመጣ፣ ለተያዘው ሰው ታላቅ እፎይታ ነው። ያን ጊዜም ግን መርፌውን ለመውሰድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው እግር የሰውዬው ይሆናል፤ «ና እንሂድ» ብሎ የሚያስከትለው ጎረቤትም አስፈላጊነቱ አይቀርም።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እርሱ የተናገረው ስለ «አማረኝ» ነው፤ እርስዋ የተናገረችው ስለ «ጠጣሁ» ነው። የቤተ ሙከራው ምስክር የባልን እውነት አጽንቷል፤ የሚስትን እውነት ግን አላፈረሰም። በሁለቱ መካከል ላለው ስፍራ አማርኛ ሌላ አንድ ግሥ አለው። ከክፉ ልማድ የወጣ ሰው «ቻልሁ» ብሎ አይኩራራም፤ «አስቻለኝ» ይላል። አንዳንዱ ይህን ሲል አምላኩን ያስባል፤ ሌላው ሐኪሙን፤ ሌላው ደግሞ በዱቤ አልቀዳም ያለችውን ሴት ወይም «ሰካራም» ብሎ ያልጠራውን ዕድርተኛ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለውም ለዚሁ ይመስላል። ለአንዱ ሰው ብቻውን የማይቻለው ነገር ሲከበብ ሊቻለው ይችላል፤ የሽሮ ሜዳ ሰፈርም ለጎረቤቱ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት፣ እስከ ዛሬ ምን እንዳስቻለውና ምን እንዳላስቻለው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።